ራሙ ይፈታል ወይስ ተበይዷል? እሱንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የቴክኖሎጂ ገጻችሁን ሳላነብ ያለፍኩበት ሳምንት የለም። አዲስ ላፕቶፕ በወጣ ቁጥር ክብደቱን፣ ውፍረቱን፣ የስክሪኑን ጥራት፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ትነግሩናላችሁ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ተጽፎ አላየሁም፤ ራሙ (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ይፈታል ወይስ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይዷል? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገዝቼ ምን እንደደረሰብኝ ላጫውታችሁ።

ሥራዬ ሠርግ መቅረጽና ማቀናበር ነው። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በ2011 ዓ.ም. የሁለት ዓመት የሠርግ ገቢዬን አሟጥጬ፣ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ አንድ ውድ ላፕቶፕ አስመጣሁ። 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ማስቀመጫ ነበረው። ሲገዛ ራሙን ወደ 16 ለማሳደግ 200 ዶላር ተጨማሪ ይጠየቅበት ነበር። እኔም «ኋላ ሲያንሰኝ እጨምርበታለሁ» ብዬ ተውኩት። ከዚያ በፊት የነበሩኝን ሁለት ኮምፒውተሮች በዚሁ መንገድ ነበር ያቆየኋቸው፤ ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ አንዴ ራም፣ አንዴ ሃርድ ዲስክ እየቀየርኩ።

የአምራቹን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ዛሬ ውድ ላፕቶፕ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ያንኑ ስለሚያደርጉ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ሌሎቹን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል።

ሦስት ዓመት ያህል አንገቴን ቀና አድርጎኝ ኖሯል። ከዚያ ደንበኞች በ4ኬ፣ ማለትም እጅግ ጥርት ባለው የቪዲዮ ጥራት መቀረጽ ፈለጉ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ አንድ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ለፎቶ ከሚቆሙበት ጀምሮ እስከ ራቱ ድረስ በሁለት ካሜራ አምስት ሰዓት ከቀረጽን 450 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። ይህ በውጭ ዲስክ ይያዛል። ለራሙ ግን መላ የለውም። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የያዘውን ወደ ማስቀመጫው እያወጣና መልሶ እያስገባ ነው የሚሠራው፤ ያቺ የምትሽከረከረው ክብም ብቅ ትላለች። አንድ የጥር ሌሊት የሙሽራዋን እናት ምርቃት ከሙዚቃው ጋር ላገጣጥም ተቀምጬ ሳለ እናትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩ። ቡና አፍልቼ ጠጥቼ ስመለስም አፋቸው አልተዘጋም።

ጠዋት አንድ ጠጋኝ ወጣት ዘንድ ወሰድኩት። የተለየ ካቻቪቴ የሚፈልጉትን ጥቃቅን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትቶ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ አጠራቀማቸው። ከዚያ ሆዱን ገልጦ በስልኩ መብራት እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ጥቋቁር ነገሮች ራሙ ናቸው» አለኝ።

«አይወጡም?»

«ይወጣሉ፤ ማዘርቦርዱም አብሯቸው ይወጣል።»

ማስቀመጫውስ? እሱም ተበይዷል። ባትሪው ደግሞ በሙጫ ተለጥፏል፤ ጭራሽ ማበጥ ጀምሯል። ለካ ጣቴን የማንሸራትትበት ሰሌዳ ከቦታው ከፍ ከፍ ይል የነበረው ከሥሩ ባትሪው እየገፋው ነው! አምራቹ ጥገና አልከለከለም፤ ፈቃድ ወዳለው ማዕከል ውሰዱት ይላል። ማዕከሉ ግን እኛ ዘንድ የለም። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይሉ የለ?

ከዚያ ቤት ወጥቼ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስሄድ የባሰ ተናደድኩ። የባሕር ዳር ሰው ከብስክሌት ጋር ያለውን ነገር ታውቃላችሁ። የእኔዋን አባቴ ነው የገዛት። ከመነዳሪዋ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ካቴናዋ አዲስ ነው፣ ፔዳሏ ከሌላ ብስክሌት የመጣ ነው፣ የፊትና የኋላ ጎማዋ አንድ መልክ የላቸውም። ዛፍ ሥር የሚሠራው ጠጋኝ ያለው ሀብት ጥቂት መፍቻ፣ ማስቲሽና ከመነዳሪ የሚነክርበት ውሃ ነው፤ አንድም ቀን «ይህ አይፈታም» ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ከገዛት ዕለት ጀምሮ የቆየው አካሏ ብረቱ ብቻ ይመስለኛል፤ እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ «የአባባ ብስክሌት» ነው የምትባለው።

«ቴክኖሎጂው ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። አነስተኛ ኃይል የሚወስደው የራም ዓይነት ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ አንጎል) አጠገብ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ሲበየድ ባትሪም ቦታም ይቆጥባል። በአንዳንድ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ጥቅል መታሸጉ ፍጥነት እንደጨመረም አልክድም። ባትሪን በሙጫ መለጠፍ ግን የቱን ፍጥነት ጨመረ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ላፕቶፕ፣ ዕቃ እየፈታ ለጥገና ያለውን አመቺነት የሚመዝነው አይፊክስኢት ከ10 ዜሮ ሰጠው፤ ሳይበላሽ የሚከፈት አልነበረም። በ2019 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ 5 አገኘ። ቅጥነቱን ሳይለቅ በብሎን የሚከፈት፣ ማስቀመጫው የሚወጣ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ የፊዚክስ ሕግ አልተለወጠም፤ የሰዎቹ ሐሳብ ነው የተለወጠው። ፍሬምወርክ የተባለ ድርጅት ከ2021 ጀምሮ ገዢው ራሱ ፈትቶ የሚገጥመው ቀጭን ላፕቶፕ እየሸጠ ነው። በ2024 ደግሞ ሌኖቮ ያንኑ አነስተኛ ኃይል የሚወስደውን ራም በብሎን የሚታሰር አድርጎ በአንድ ላፕቶፕ ይዞት መጣ።

የዋጋውና የአቅሙ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 8 ጊጋባይት ይዘው የተሸጡ ውድ ላፕቶፖች ነበሩ፤ በ2023ም ከ1,500 ዶላር በላይ ተጠይቆበት መነሻው 8 የሆነ ነበር። አምራቹ ባለበት ሲረግጥ ገዢው እንኳ ራሱን እንዳያራምድ በሩ ተበይዷል።

«ፋይልህን ክላውድ ላይ አድርገው»፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ሌላ ቦታ አስቀምጠው የሚል ምክርም ደርሶኛል። የምኖረው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ በቆየበት ከተማ ነው። መካሪዬ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ አልፈርድበትም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያንኑ ላፕቶፕ ይዤ ሁለት ዓመት ታገልኩ። አዲስ ልግዛ ብዬ ሳስብ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በመጨረሻ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ገዛሁ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ስክሪኑ ደብዛዛ ነው፣ መልኩም የቀበሌ መዝገብ ይመስላል። ግን ራም የሚሰካበት ሁለት ቦታ አለው፤ ዛሬ 32 ጊጋባይት አድርጌዋለሁ። ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ ያለ መፍቻ የሚነቀል። መብራት ሲሄድ የኋላውን ነቅዬ ሙሉውን ስተካ ኮምፒውተሩ አይጠፋም። (ጢስ ዓባይ ጎረቤታችን ሆኖ መብራት የሚሄድብን ለምን እንደሆነ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ።)

ከለመዱት ሥርዓት መውጣት ግን ቤት መቀየር ነው። የጫንኩት ኡቡንቱ ሊነክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። አማርኛ መጻፉ አላስቸገረኝም፤ በላቲን ፊደል እየነካሁ ግዕዙ ይወጣል። ቪዲዮው ነው የፈተነኝ። የመጀመሪያው ምርጫዬ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው ማቀናበሪያ ነበር፤ በሊነክስ ላይ ነጻው ቅጂ ካሜራዎቼ የሚቀርጹበትን ኤች.264 የተባለ የቪዲዮ ፋይል ዓይነት እንደማይከፍት ያወቅኩት ከጫንኩት በኋላ ነው። ስለዚህ ኬደንላይቭ የተባለውን ሌላ ማቀናበሪያ ተማርኩ። የግራፊክስ ካርዱ አቅም ትንሽ ስለሆነ በቪዲዮዎቹ ትንንሽ ቅጂዎች አቀናብሬ መጨረሻ ላይ በዋናው አወጣለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ ሲነጋ ግን አልቆ ይገኛል። የድሮዎቹን ሠርጎች የሠራሁት በዚያኛው ሥርዓት ላይ ብቻ በሚሄድ ማቀናበሪያ ስለነበር አዲሱ አይከፍታቸውም። ባለ ሠርግ መጥቶ «የአጎቴ ስም ተሳስቷል፣ አስተካክልልን» ሲል ያንን ባትሪው የወጣለትን ውድ ዕቃ ከመደርደሪያ አውርጄ ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ። ዛሬ ሥራው የድሮ ሠርግ ቁልፍ መሆን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። ስለ አዲስ ላፕቶፕ ስትጽፉ ራም፣ ማስቀመጫ፣ ባትሪ ብላችሁ ከእያንዳንዱ ጎን «ይፈታል» ወይም «አይፈታም» የሚል ቃል ጨምሩልን። መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ጨረታ ሲያወጡም ይህንኑ ቢጠይቁ እነሱ ናቸው የሚጠቀሙት። ቦታ ካጠራችሁ የውፍረቱን ሚሊሜትር አውጡት፤ ላፕቶፕህ ወፈረ ብሎ ቀረጻ የሰረዘብኝ ሙሽራ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ
ከባሕር ዳር