ስኮት የሚለው ስም ከየት መጣ?

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

«ስኮት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ለጠየቁኝ፣ የቃሉ ፍቺ እስከ ዛሬ በውል አልተለየም። ለማን እንደወጣ ግን ይታወቃል፤ የሚያስገርመውም እሱ ነው፣ ዛሬ የስኮትላንድ ሰዎች መጠሪያ የሆነው ስም መጀመሪያ የአየርላንድ ሰዎች ስም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይቁጠሯቸው።)

በ4ኛው መቶ ዘመን የላቲን ጸሐፊዎች «ስኮቲ» ይሉ የነበረው ከአየርላንድ ባሕር ተሻግረው የሮማን ብሪታንያ የሚዘርፉትን ነው። በዛሬዋ ስኮትላንድ ሰሜንና ምሥራቅ የሚኖሩትን ደግሞ «ፒክቲ» አሏቸው፤ ይህ ስም በ297 ዓ.ም. ተጽፎ ይገኛል፣ በላቲን «በቀለም የተቀቡ» ማለት ነው። አየርላንዶቹ ምዕራቡን ዳርቻ ይዘው ዳል ሪያታ የተባለ መንግሥት ነበራቸው። አርጋይል የሚባለው አገር ስሙ ዛሬም «የጌሎች ዳርቻ» ማለት ነው፤ ጌሎች የሚባሉት እነዚሁ ከአየርላንድ የመጡት ናቸው። በ900 ገደማ የፒክቶች ንጉሥ መባል ቀርቶ «የአልባ ንጉሥ» መባል መጣ (አልባ በጌሎቹ ቋንቋ የአገሩ ስም ነው)፤ ሁለቱ ሕዝቦችም ውለው አድረው አንድ ሆኑ፣ ስሙ የስኮቶቹ ሆኖ ቀረ።

ሰው የሚሳሳተው አሮጌ ጽሑፍ ሲያነብ ነው። «ስኮቲያ»፣ የስኮቶች አገር፣ የሚል ካገኙ መጀመሪያ ዘመኑን ይዩ፤ ከ11ኛው መቶ ዘመን በፊት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አየርላንድ ነው። የ9ኛው መቶ ዘመኑ ፈላስፋ ዮሐንስ ስኮተስ ኤሪዩጌና አየርላንዳዊ ነበር፤ «ኤሪዩጌና» ራሱ «አየርላንድ የተወለደ» ማለት ነው። በ1308 የሞተው ሌላው ፈላስፋ ዱንስ ስኮተስ ግን የስኮትላንድ ሰው ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ለእርስዎ ይህ እንግዳ አይሆንም። በዳዊት «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ» የሚሉት፣ ዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው የሚለው። ስምም አገር ይለውጣል።

ፍቺውን እናውቃለን የሚሉትን አይመኑ። የሴቪያው ጳጳስ ኢሲዶር በ7ኛው መቶ ዘመን፣ ገላቸውን በመርፌ ስለሚነቀሱ ነው ብሏል። ሌሎች ከግሪኩ «ስኮቶስ»፣ ጨለማ፣ ያመጡታል፤ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ስኮታ የምትባል የፈርዖን ልጅ ነበረች የሚለው ተረትም ስሙን ለማስረዳት ኋላ የተፈጠረ ነው፤ ቢሆንም በ1301 የስኮትላንድ ጠበቆች በካቶሊኩ ፖፕ ፊት ነጻነታቸውን ሲሟገቱ ጠቅሰውታል!

የጌሎቹን ቋንቋ፣ ጌሊክን፣ የሚናገሩት የስኮትላንድ ሰዎች ግን ዛሬም አገራቸውን «አልባ» ነው የሚሏት።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ