ይድረስ ለቀጮ፦ የጠፋሁበት ምክንያት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ቀጮዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ አለሁ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው የጠፋሁት» ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ውሸቴን አንቺ ታውቂዋለሽ። የጠፋሁት ከአንቺ በተበደርኳት በዚያች 400 ዶላር ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት» ካልኩሽ ሰባት ወር ሆነ። ስትደውዪ ስልኩን ደፍቼው ጩኸቱ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር።

ነገሩ የመጣው በጫማ ነው። ሌሊት እንደምሠራ ታውቂያለሽ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አድሬ ጠዋት ተረከዜን መሬት ማስነካት ያቅተኛል። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእረፍቴ፣ ስልኬን ስጎረጉር ነርሶቹ ሁሉ የሚያደርጉት ያ የ140 ዶላር ጫማ በ39 ዶላር መጣልኝ። ዘልዬ ገባሁ።

የክሬዲት ካርዴን ቁጥር ሞላሁ፣ የሚያበቃበትን ወር ሞላሁ። ከዚያ ከጀርባ ያለችውን ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ጠየቀኝ። ካርዴ ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲፋተግ ኖሮ የመጨረሻዋ ተፍቃለች። ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየኋት፤ 8 ናት ወይስ 3? 8 አልኩ፤ ልክ አይደለም አለኝ። 3 አልኩ፤ «ሌላ ካርድ ይሞክሩ» አለኝ። እኔ ሞኟ ዓይኔን ጠረጠርኩ እንጂ ሱቁን አልጠረጠርኩም። ዴቢት ካርዴን አውጥቼ እሷንም ከነቁጥሯ አስረከብኩ።

ለካ ሱቅ የሚባል ነገር የለም! «አልሠራም» የሚለኝ ሁለተኛ ካርድ እንዳወጣለት ነው፤ የመጀመሪያውንማ ቀድሞ ይዞታል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ቁጥር ያላነበብኩት የለም። ባንኩ ከካርዱ ቁጥርና ከሚያበቃበት ቀን ላይ ተነስቶ፣ በሚስጥር በያዘው ቁልፍ ቀምሮ ነው የሚያወጣት። ማሽን በሚያነበው፣ ከካርዱ ጀርባ ባለው ጥቁር መስመር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ነዳጅ ማደያ ላይ ካርድሽን በድብቅ የገለበጠ ሌባ እሷን አያገኛትም። እውነተኛ ሱቅ እንኳ ክፍያው ካለፈ በኋላ እንዳያስቀምጣት በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ተከልክሏል። ሥራዋ «ካርዱ በእጇ ነው» ብላ መመስከር ነው። እኔ ግን ለሌባው ራሴ አነበብኩለት፤ ከዚያ በኋላ ለእሱም መሰከረችለት።

ክሬዲት ካርዱስ ቀላል ነበር። ደወልኩ፣ ሰረዙት፣ ያልገዛሁትን አነሱልኝ። የአሜሪካ ሕግ ስላለ ቢበዛ 50 ዶላር ነው የሚያስከፍሉሽ፤ እኔን እሷንም አላስከፈሉኝም። ያቃጠለኝ ዴቢቱ ነው፤ እዚያ የሚወጣው የባንኩ ሳይሆን የራስሽ ገንዘብ ነዋ! መጀመሪያ 1 ዶላር ወሰዱ፣ ካርዱ መሥራቱን ሊሞክሩ። አይቼ ናቅኩት። በአራተኛው ቀን የቤት ኪራዬን ጠራርገው ሄዱ። ባንኩ አጣርቶ መለሰልኝ፤ ግን እስከዚያ ኪራዩ ደርሶ፣ ዕቁቡ ደርሶ፣ ከዚህም ከዚያም ተበድሬ ነበር። ገንዘቡ ሲመለስ አበዳሪዎቹ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንቺን፣ ስለማትጠይቂኝ፣ መጨረሻ ላይ አደረግኩሽ። እውነቱ ይሄው ነው፤ ይቅር በይኝ።

ደግሞ ሳልረሳው፦ አገር ቤት ስትሄጂ ትኬት ልቁረጥልሽ ብዬሽ የካርድሽን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተሽ በቫይበር ልከሽልኝ አልነበር? ትናንት ስልኬን ሳጸዳ አገኘሁት፣ ሦስቷ ቁጥር ቁልጭ ብላ። ከእኔ ዘንድ አጥፍቻለሁ፣ ከአንቺም ዘንድ አጥፊው። ለማን ለማን እንደላክሽው የማታስታውሺ ከሆነ ደግሞ ባንክሽ ካርዱን ይቀይርልሽ።

የ400 ዶላሩ ቼክ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ጫማውን በመጨረሻ ሱቅ ሄጄ፣ ለክቼ፣ በ140 ዶላር ገዛሁት፤ አምስት ሳንቲም አልቀነሱልኝም። እግሬ ግን አረፈ። ለአንቺም አንድ ልገዛልሽ ነበር፤ ቁጥርሽ 38 ይሁን 39 ተምታታብኝ። ደውለሽ ንገሪኝ። አነሳዋለሁ።