ከፍሬሚንግሃም፤ ስለ አንዲት ተማሪዬ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳልሰጥ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም በማለቴ አዝናለሁ። ሰበቤን ብደረድርልሽ አንድ በአንድ ስለምታውቂው ይቅርታዬን ባጭሩ ተቀበዪኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። «ጉዳይ ካልገጠማት ብዕር አታነሣም» እያልሽ ለባለቤትሽ ስታነቢለት ይታየኛል፤ በዪው፣ ግድ የለም። ይህን ነገር ግን ከአንቺ በቀር የማወያየው ሰው የለኝም።

በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ምሽት ምሽት እንግሊዝኛ በበጎ ፈቃድ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ከጥቂቶቹ በስተቀር ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ፍሬሚንግሃም ከቦስተን በስተ ምዕራብ ያለች ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከብራዚል፣ በተለይም በሚናስ ዤራይስ ክፍለ ግዛት ካለችው ከጎቬርናዶር ቫላዳሪስ ብዙ ሰው ስለ መጣባት፣ መሀል ከተማው ላይ ዳቦም ሥጋም በፖርቱጋልኛ ይገዛል። ለዚህ ነው ሰዎቹ እንግሊዝኛ ሳይናገሩ ብዙ ዓመት መኖር የሚችሉት፤ ከዕለታት አንድ ቀን ግን የግድ የሚሆንበት ቀን ይመጣል።

ለአንዷ ተማሪዬ ያ ቀን መጥቷል። ቤት በማጽዳት ልጆቿን ለቁም ነገር ያበቃች፣ ዕድሜዋ ከ50 ጥቂት ያለፈ ሴት ናት። ለዜግነት አመልክታ የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ደርሷታል። ዕድሜው 50 የሞላውና ግሪን ካርድ ይዞ 20 ዓመት የኖረ ሰው በገዛ ቋንቋው እንዲጠየቅ ሕጉ ይፈቅዳል፤ እሷ ግን በዓመቱ በኩል ስላልደረሰች በእንግሊዝኛ መቅረብ አለባት። ጭንቀቴ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሌሊት እንኳ ከአልጋዬ ያስነሣኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አንቺ የምትደሰቺበት ይመስለኛልና። እኛ እንግሊዝኛን ስንማር የቃሉ ሁሉ ዋጋ አንድ ነበር። ሁለቱም መቀጠል ማለት የሆኑትን «ኮንቲንዩ»ንም ሆነ «ኪፕ ኦን»ን የገዛናቸው በእኩል ድካም ነው፤ ከአማርኛ ጋር ስለማይዛመዱ አንዱንም በነጻ ያገኘነው አልነበረም። ለፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ግን ገበያው ተገልብጦ ይጠብቀዋል። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ሆነ፣ ሊቃውንቱም ለብዙ ዘመን በላቲን ሲጽፉ ስለ ኖሩ፣ የእንግሊዝኛ የመጽሐፍና የሸንጎ ቃላት በአብዛኛው ከላቲን ወገን ናቸው፤ ፖርቱጋልኛም ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ነው። ስለዚህ እኔና አንቺ በላባችን የገዛናቸውን «ቶለሬት»ን (መታገሥ)፣ «ኢንቬስቲጌት»ን (መመርመር)፣ «ኤክስቲንግዊሽ»ን (እሳት ማጥፋት) ይህች ሴት ገና ስትሰማቸው «ቶሌራር፣ ኢንቬስቲጋር፣ ኤስቲንጊር» ብላ በነጻ ትወስዳቸዋለች። እነዚያኑ ትርጉሞች በትንንሾቹ ቃላት «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ»፣ «ፑት አውት» ስላት ግን ፊቷ ይደነግጣል። እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ ታውቃታለች፤ አብረው ሲቆሙ የሚሰጡትን ትርጉም ግን ከየትም ልታመጣው አትችልም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተማሪዎቼ ቀንቼባቸው ነበር፤ አሁን ቅናቱ ወደ ሐዘኔታ ተለውጧል።

ለዜግነት የሚሞላውን ቅጽ ብታዪው የምልሽ ይበልጥ ይገባሻል። የኮሚኒስት ፓርቲ፣ አምባገነናዊ ፓርቲ፣ የዘር ማጥፋት፣ ማሰቃየት፣ ሰውን በሃይማኖቱ ማሳደድ ይላል ጥያቄው። የሀገሬው ሰው እንኳ «ቶታሊቴሪያን» የሚለውን ቃል ሲያነብ ትንሽ ቆም ይላል፤ እሷ ግን «ቶታሊታሪዩ» ብላ ሳትቸገር ታልፈዋለች፤ «ዤኖሲጂዩ»ም «ቶርቱራ»ም የገዛ ቋንቋዋ ቃላት ናቸው። ፈተናው የሚከብዳት ከዚያ በኋላ ነው። ጠያቂው መኮንን አመልካቹ ያልገባው ሲመስለው ጥያቄውን እንዲደግምና ቀለል ባለ አነጋገር እንዲለውጠው መመሪያው ያዘዋል። መመሪያው በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ለእኛም ለሀበሾቹ በእርግጥ ይጠቅመናል። ለእሷ ግን ማሳደድ ማለት የሆነው «ፐርሴኪዩት» የሚለው ቃል ቀርቶ በዚያው ትርጉም «ጎ አፍተር» ሲተካበት፣ የገባት ጥያቄ የማይገባ ይሆንባታል፤ መኮንኑ በደግነት ባቀለለላት መጠን እየከበዳት ይሄዳል። እሱ ደግሞ ይህን ከየት ሊያውቅ ይችላል? የሚያየው ቀላሉን እንኳ መመለስ ያቃታትን ሴት ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ መላው ቀላል መስሎኝ ነበር። «እባክዎ ጥያቄውን ቅጹ ላይ እንደ ተጻፈው ያንብቡልኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስጠናኋት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አሳምራ ትለው ጀመር። በዚህ ደስ ብሎን ሳለ ባለፈው ቅዳሜ እኔ እንደ መኮንን፣ እሷ እንደ አመልካች ሆነን ልምምድ ተቀመጥን። ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች። ቅጹ ላይ ከእነዚያ አስፈሪ ተግባራት በአንዱ «አሲስት» አድርገሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ረድተሻል ወይ ማለቱ ነው። ጥያቄውን እንደ ተጻፈው አነበብኩላት። እሷም በእርጋታ፣ ዓይኔን እያየች፣ «አዎን፣ ብዙ ጊዜ» አለችኝ።

በብራዚል የዕለት ተዕለት አነጋገር «አሲስቺር» ማለት መመልከት ነው፤ ቴሌቪዥን፣ ኳስ ጨዋታ፣ ፊልም ማየት። ጦርነትና እልቂት በዜና ብዙ ጊዜ ማየቷን ነው በሐቀኝነት የመለሰችልኝ። እህቴ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ልገልጽልሽ አልችልም። እንግሊዝኛ ተሳስታ ብትወድቅ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ትጠራለች፤ በመሐላ ሥር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «አዎን» ማለት ግን የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለካ በነጻ የወሰደቻቸው ቃላትም ሁሉም የሚታመኑ አይደሉም! «ፓረንትስ» ሲባል ዘመዶቿን ሁሉ መቁጠር ትጀምራለች፤ በእሷ ቋንቋ «ፓሬንቺስ» ዘመድ አዝማድ ነውና፤ ቅጹ ደግሞ ስለ አባትና እናት ዜግነት ይጠይቃል። ማስመሰል ማለት የሆነውን «ፕሪቴንድ» ስትሰማ ማቀድ ይመስላታል። ሌላው ይቅርና የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «ፑሽ» (ግፋ) ተብሎ ሲጻፍ ስንቱ ብራዚላዊ ወደ ራሱ እንደሚስበው በየምሽቱ አያለሁ፤ «ፑሺ» በእነሱ ቋንቋ ሳብ ማለት ነው።

እንግዲህ በሁለት በኩል ተይዣለሁ። ትንንሾቹ ግሦች አይገቧትም፤ ትልልቆቹ ቃላት ደግሞ የገቧት እየመሰላት ያስቷታል። የቀረን ጊዜ አጭር ነው። ሁለቱንም ለማስተማር አይበቃም።

ወደ ፈሊጣዊ አነጋገር ልለፍና አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፤ ከዚያ ወደ ልመናዬ እመለሳለሁ። ይህች ሴት ፈሊጥ ትወዳለች። ፈሊጥ ሲነሣ ድካሟ ሁሉ ይጠፋል፤ አዲስ በሰማች ቁጥር የራሷን አምጥታ አጠገቡ ታስቀምጣለች። እንግሊዞች አንድ ነገር ሲወደድ ክንድና እግር አስከፈለኝ ይላሉ ብላት፣ «እኛ ደግሞ የፊታችንን ዓይኖች አስከፈለን እንላለን» አለችኝ። ቅናት በእነሱ ዘንድ የክርን ሕመም ይባላል፤ ሌላው ያጠፋውን የሚከፍል ሰው ደግሞ «ዳክዬውን ከፈለ» ይባላል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። ነገሩ ዘግይቶ ሲገባቸው «ካዩ አ ፊሻ» ይላሉ፤ ፊሻዋ ወደቀች ማለት ነው። ፊሻ በብራዚል የመንገድ ስልክ ላይ ሳንቲም ሆና የምታገለግል ክብ ብረት ነበረች፤ ወደ ውስጥ ስትወድቅ መስመሩ ይገናኛል። እንግሊዞችም በዚያው ሐሳብ ሳንቲሟ ወደቀች ይላሉ፤ አንቺም በቀዩ ደብተርሽ ላይ እንደ ጻፍሽው አልጠራጠርም። አሜሪካኖቹ ግን እምብዛም አይሉትም፤ «ክሊክ» አደረገ ነው የሚሉት።

ስለ ደብተሩ ካነሣሁ አይቀር ቅር ሳይልሽ አንድ ነገር ልበልሽ። እኛ ለተማሪዎቻችን በፍቅር ያስተማርናቸው ፈሊጦች፣ ለከባድ ዝናብ ድመትና ውሻ ዘነበ፣ ለሞተ ሰው ባልዲውን ረገጠ የሚሉት፣ እዚህ በአውቶቡስም በሥራም ሲነገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚናገረው «ሆልድ ኦን»፣ «ረን አውት ኦቭ»፣ «ፊገር አውት»፣ «ሾው አፕ» እያለ ነው፤ እነዚህን ነበር ቀድመን ማስተማር የሚገባን ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ተከራከሪኝ፤ ክርክርሽ ናፍቆኛል። በነገራችን ላይ ተማሪዎቼ «ስኩል» ለማለት ሲያቅታቸው እንደ እኛ ልጆች «ኢስኩል» ይላሉ፤ ይህን ስሰማ ያቺ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍላችን፣ አንቺም ጠመኔሽን ይዘሽ ትዝ ትዪኛለሽ።

አሁን ልመናዬ። ፍሬዛል ቨርቦችን፣ እነዚያን ከትንንሽ ቃላት የሚገጣጠሙትን ግሦች፣ ልጆቹን እያስነሣሽ፣ እያስወጣሽ፣ እያስገባሽ ስታስተምሪ የምትከተዪው ቅደም ተከተል ነበረሽ፤ በሰንጠረዥ ከማስጠናት ይልቅ በሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያዙ ታደርጊያቸው ነበር። ያ ቅደም ተከተል በደብተርሽ ካለ ገጾቹን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። በመኮንኑ ክፍል ውስጥ ይባላሉ ብዬ የማስባቸውን፣ ተቀመጪ፣ ቀጥዪ፣ እስኪ እንደገና እንየው፣ እዚህ ላይ ፈርሚ የሚሉትን በዚያ መንገድ ላስተምራት አስባለሁ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄዬ ግን ፍርድ የሚፈልግ ነው፤ እንዴት እንደምጽፈው እንኳ ቸግሮኛል። የቀረውን ጊዜ በሙሉ እነዚያን አሳሳች ቃላት በማስጠናት ባሳልፈው መሐላዋን አድናለሁ። ዜግነቷን ታገኝ ይሆናል፤ ከጎረቤቷ ጋር ለማውራት የሚያስፈልጋት እንግሊዝኛ ግን ሳትማረው ይቀራል። እሷ ወደ እኔ ስትመጣ የጠየቀችኝ ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ነበር፤ የልጅ ልጆቿ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ ለምን እንደሚሳሳቁ ማወቅ ትፈልጋለች። ልቤ ወደ መሐላው ያደላል። ቅጹን ከጥያቄ ወደ ጥያቄ አብረን እየሄድን፣ ለእያንዳንዱ አደገኛ ቃል የፖርቱጋልኛውን ትክክለኛ አቻ እንድትጽፍበት ማድረግ፣ የቀረውን ከቀጠሮው በኋላ መቀጠል። ከቀጠሮው በኋላ ግን ስንቶቹ ተመልሰው እንደሚመጡ አንቺም ታውቂያለሽ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? እንደ ድሮው ሳታለሳልሺ ንገሪኝ።

ቀጠሮዋ ዓቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ስለሆነ እባክሽ እንደ እኔ አትዘግዪብኝ፤ ሁለት መስመር ብትሆንም ትበቃኛለች። ስለ ራሴ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ልጄ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ለእማማ እጅ ንሺልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ