ቅሬታዬ ርካሽ መሆኑ ላይ አይደለም፦ በበረዶ መሃል ስለተሰበረ መራመጃ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ለደንበኞች አገልግሎትና ቅሬታ ሰሚ ክፍል

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ መረጃ ስለተሸጠልኝ የበረዶ መራመጃ፣ ገንዘቤ እንዲመለስልኝና የምርት ገጻችሁ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ይህ ለእናንተ የምጽፈው አራተኛ መልእክት ነው። ሦስቱን በቻት ልኬ ሦስት ጊዜ ያገኘሁት መልስ ከቃል ቃል ሳይለወጥ አንድ ነው፦ «ምርቱ ከተገቢው አጠቃቀም ውጭ በመዋሉ ዋስትናው አይሸፍነውም።» ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኛል። ምናልባት በደብዳቤ ሲሆን ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ይገኛል ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ስኖውሹ («የበረዶ ጫማ» ማለት ነው) የሚባለውን፣ ከቦቲ ሥር የሚታሰር ሰፊ የበረዶ መራመጃ ስገዛ ከዘረዘራችኋቸው ሁሉ ርካሹን የመረጥኩት አውቄ ነው። በክረምት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብወጣ ነው፤ ተራራ ወጪ አይደለሁም። በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ተረከዝን ከፍ አድርጎ ባትን የሚያሳርፈው የሽቦ ድጋፍ ባይኖረው ግድ የለኝም፤ የምሄድበት መንገድ እምብዛም ዳገት አይበዛበትም። ትንሽ ከበድ ቢልም እችለዋለሁ፣ ምንም እንኳ እግር ላይ የታሰረ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ ካለው ብዙ እጥፍ እንደሚያደክም ሲያስጠነቅቁኝ ብሰማም። ርካሽ ዕቃ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። የቱ ቢጎድል እንደማይጎዳኝ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ምን እንደጎደለ የምትነግሩኝ ግን እናንተ ናችሁ። ያልነገራችሁኝ ይህንኑ ነው።

ከልኩ ልጀምር። የምርት ገጻችሁ ላይ ልክ መምረጫው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጫማ ቁጥር። 43 ብዬ ሞላሁ፣ 63 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቀረበልኝ። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ወደ ቻታችሁ ገብቼ «ክብደቴ 82 ኪሎ ነው፣ ቦርሳም እይዛለሁ፣ ይበቃኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። የተሰጠኝ መልስ «ለ43 ቁጥር ጫማ ትክክለኛው ልክ ነው» የሚል ነበር። የንግግሩን ፎቶ አያይዤዋለሁ።

የበረዶ መራመጃ በስሙ ጫማ ይምሰል እንጂ ጫማ አይደለም። በጫማ ብቻ ልል በረዶ ላይ ብትወጡ ክብደታችሁ በሙሉ በጠባብ ሶል ላይ ያርፍና ትሰምጣላችሁ፤ መራመጃው ያንኑ ክብደት በሰፊ ወለል ላይ ይበትነዋል። ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ርዝመቱን የሚወስነው በላዩ የሚያርፈው ጠቅላላ ሸክም ነው፦ ሰውየው፣ ልብሱ፣ ቦቲው፣ ቦርሳው፣ በቦርሳው ውስጥ ያለው ውኃ ሳይቀር። የጫማ ቁጥር የሚጠቅመው የእግር ማሰሪያው ይዘጋ አይዘጋ ለማወቅ ነው። 43 ቁጥር የሚያደርግ የ60 ኪሎ ሰው አለ፤ የ100 ኪሎም አለ። ለሁለቱም አንድ ልክ የሚሸጥ ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም።

የበረዶውም ዓይነት አለ። ብዙ ሰው ረግጦት በተጠቀጠቀ መንገድ ላይ አጭሩ መራመጃ ይበቃል፤ እንዲያውም ይቀላል። ትናንት ማታ በወረደ፣ እንደ ዱቄት በሚበን ደረቅ በረዶ ላይ ግን ያው መራመጃ ያንኑ ሰው ይዞት ይሰምጣል። ስለዚህ ከተረገጠ መንገድ እወጣለሁ ለሚል ሰው ከፍ ያለውን ልክ ማሳየት የሻጭ ሥራ ነው። የእናንተ ገጽ ላይ ግን በረዶ የሚለው ቃል ከስሙ በቀር የትም የለም።

አሁን የሚያስቀው ክፍል። ካርቶኑ ውስጥ፣ ከማሸጊያው ሥር፣ የአምራቹ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዲህ ይላል፦ 63 ሴንቲሜትር እስከ 75 ኪሎ፣ 76 ሴንቲሜትር እስከ 100 ኪሎ። እኔ ከነልብሴና ከነቦርሳዬ ተመዝኜ 94 ኪሎ ነኝ። አምራቹ ያውቃል፣ ጽፎታልም፤ እናንተ ግን ገጹን ስታዘጋጁ ሳትጽፉት ተዋችሁት። ገንዘቡ ከተከፈለና ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የሚገኝ ማስጠንቀቂያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወረቀቱን ያነበብኩት ከጉዞው ከተመለስኩ በኋላ ነው። ይህን ጥፋት እቀበላለሁ። ግን ክብደቱን ተናግሮ፣ ጠይቆ፣ «ትክክለኛው ልክ ነው» የተባለ ሰው ወረቀቱን ያላነበበው ለምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ወደ ጉዞው ልለፍ። የወጣነው ሁለት ሆነን ነው። ጠዋት ስንነሳ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ነበር፤ ከፍታው ሲጨምር ከዜሮ በታች 14 ደረሰ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት በተረገጠ መንገድ ላይ ስለነበር ሁሉም ነገር ሸጋ ነው፤ እንዲያውም በልቤ «ብልጥ ነኝ፣ ሌላው በከንቱ ነው ብዙ የሚከፍለው» እያልኩ ነበር። ከመንገዱ ወጥተን ልሉን በረዶ ስንጀምር ሳቄ ጠፋ። በየእርምጃው መጀመሪያ እስከ ባቴ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ከእኔ በ6 ኪሎ የሚበልጠውና 76 ሴንቲሜትሩን ያደረገው ጓደኛዬ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልሰመጠም። እሱ ባለፈበት፣ እሱ በረገጠው ላይ እየረገጥኩ እንኳ እኔ እሰምጣለሁ።

የሰመጠ እግር መነቀል አለበት። ስትነቅሉት ደግሞ መራመጃው ላይ የተከመረው በረዶ አብሮ ይነሳል፤ ያ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው በእግር ጀርባ ላይ ባለፈችው አንዲት ማሰሪያና በዘለበቷ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄድን የግራ እግሬ ዘለበት «ቀጭ» አለ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ የደረቀ ጭራሮ የሰበርኩ ነበር የመሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ማሰሪያውን በጥርሱ ነክሶ የሚይዘው ምላስ ከሥሩ ተቆርጧል። የተሰበረበት ገጽ እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። አልተጎበጠም፣ አልተሳበም፣ እንደ ብርጭቆ ነው የተሰበረው።

ቤት ከገባሁ በኋላ ዘለበቱን ገልብጬ አየሁት። ከጀርባው በሦስት ማዕዘን ቀስቶች መሃል 5 ቁጥር ታትሞበታል። ፖሊፕሮፕሊን ማለት ነው፤ የፕላስቲክ ባልዲና የዕቃ መያዣ የሚሠራበት። በክፍል ሙቀት ጠንካራ ነው፣ ብታጎብጡት ይመለሳል። ተራው ዓይነት ግን ሙቀቱ ከዜሮ ወደ ታች ሲወርድ መለመጡን ትቶ መሰንጠቅ ይጀምራል። ለቅዝቃዜ ብሎ በተሠራ ዕቃ ላይ፣ ያውም ሸክሙ ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ፣ በቅዝቃዜ የሚሰበር ነገር ተገጥሟል ማለት ነው። ውድ ነገር አልጠየቅኩም። ከጎማ ወይም ጎማ ከሚመስለው ፖሊዩሪቴን የተሠራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ በትንሽ የብረት መንጠቆ የሚያዝ ማሰሪያ አለ፤ በውርጭ እንደለመጠ ይቆያል፣ ጓንት ሳይወልቅ ይታሰራል። ከናንተው ዝርዝር ውስጥ ከእኔ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ የሚለው መራመጃ ይህ ማሰሪያ አለው። ልዩነቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያንን እገዛ ነበር።

መልሱን ጉዞ አላስረዝመውም። መራመጃው ከእግሬ ሲወልቅ ግራ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ለማሰር ጓንቴን ማውለቅ ግድ ሆነ፤ ጓደኛዬ በያዘው የናይለን ገመድ ቦቲዬንና መራመጃውን አንድ ላይ ጠፈርኩት። ገመዱ እርጥበት ጠጥቶ ቀዘቀዘና እንደ ሽቦ ደረቀ፣ ላላ፣ እንደገና ጠፈርኩት። ስድስት ጊዜ ያህል። በሁለት ሰዓት ተኩል የሄድነውን በአምስት ሰዓት ተመለስን፤ የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ግንባር ላይ በሚታሰር ባትሪ ነው የመጣነው። ጣቶቼ ሙቀት ያገኙት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ዕቃዎች ብዙ አንብቤያለሁ፤ እልህ ያስነብባል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጣሊያን አልፕስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ የበረዶ ግግር ላይ አንድ አሮጌ የበረዶ መራመጃ ተገኝቷል። የተጎበጠ የበርች እንጨት ነው፤ በገመድ የተጠላለፈ። ዕድሜው ሲመረመር ከ5,000 ዓመት በላይ ሆነ፤ የገመዱ ቁራጭ አሁንም እንጨቱ ላይ አለ። የእናንተ ዘለበት ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ።

ከመራመጃው ሥር ሆኖ በረዶውን ቆንጥጦ ስለሚይዘው ጥርስም አንድ ነገር ልበል። በምርት ገጹ ፎቶ ላይ ከጣትም ከተረከዝም ሥር ጥርስ ይታያል፣ ጽሑፉም «የብረት ጥርስ» ይላል። የደረሰኝ ከጣት ሥር ብቻ ነው ያለው። በጠነከረ ቁልቁለት ላይ ሰው ክብደቱን የሚጥለው ተረከዙ ላይ ስለሆነ ሁለት ጊዜ በቂጤ ተንሸራትቻለሁ። ያለውም ቢሆን ማግኔት አይዘውም፣ አንድ ድንጋይ ረግጬበት ጫፉ ታጥፏል፤ አሉሚኒየም ይመስለኛል። አሉሚኒየም ነውር አይደለም፣ ለስላሳ በረዶ ላይ ይበቃል፣ ይቀላልም። ፎቶው ላይ ያለውና ካርቶኑ ውስጥ ያለው ግን አንድ ዕቃ መሆን አለባቸው።

ፍርድ እንዳላዛባ፦ ክፈፉ አልተጣመመም፣ ወለሉ አልተቀደደም፣ አብሮ የመጣው ዘንግም ደህና ነው። የማስቀመጫ ቦርሳው ዚፕ በመጀመሪያው ቀን ተበጠሰ፤ እሱን ተዉት።

አሁን ወደ መልሳችሁ። «ከተገቢው አጠቃቀም ውጭ» ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው? በበረዶ ላይ መራመዴን ከሆነ ስሙ የበረዶ መራመጃ ነው። ቅዝቃዜውን ከሆነ፣ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚያገለግል በገጹም በወረቀቱም አልተጻፈም። ክብደቴን ከሆነ ደግሞ የክብደት ገደብ እንዳለው ታውቁ ነበር ማለት ነው፤ ታዲያ ለምን በገጹ ላይ የለም? ለምንስ ክብደቴን ነግሬያችሁ ትክክለኛው ልክ ነው አላችሁኝ? በሦስተኛው መልሳችሁ መጨረሻ ለሚቀጥለው ግዢ ቅናሽ እንደምታደርጉልኝ ጽፋችኋል። አመሰግናለሁ፣ አልፈልገውም። ሌላ ዕቃ የምገዛው በምን መረጃ ላይ ተመሥርቼ ነው?

የምጠይቀው ይህን ነው። የከፈልኩት በሙሉ፣ የማጓጓዣውን ጨምሮ፣ በከፈልኩበት መንገድ ይመለስልኝ፤ ዕቃውን መልሼ የምልክበትም ወጪ የእናንተ ይሁን። ልክ መምረጫው ከጫማ ቁጥር በፊት ጠቅላላ ክብደትን፣ ቀጥሎም የተረገጠ መንገድ ነው ወይስ ልል በረዶ የሚለውን ይጠይቅ። የማሰሪያው፣ የዘለበቱና የጥርሱ ማቴሪያል ይጻፍ፤ ፎቶውም ይቀየር። ከሁሉ በላይ ግን ይህንኑ 63 ሴንቲሜትር መራመጃ በጫማ ቁጥራቸው ለገዙ ደንበኞች የአምራቹን የክብደት ገደብ በኢሜይል ላኩላቸው። የገዛው ሁሉ አድራሻ እጃችሁ ላይ አለ፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኔ ገመድ የያዘ ጓደኛ አብሮኝ ነበር። ብቻውን የሚወጣ ሰው አለ።

በ14 ቀን ውስጥ በሰው የተጻፈ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሸማቾች መብት ጥበቃ ተቋም አቀርባለሁ፤ ክፍያውንም በባንኬ በኩል እከራከርበታለሁ።

የትዕዛዝ ቁጥሬን፣ የቻቱን ፎቶ፣ የአምራቹን ወረቀትና የተሰበረውን ዘለበት በሁለት በኩል የተነሳ ፎቶ አያይዣለሁ። መራመጃዎቹን ስትጠይቁኝ እልካለሁ። ዘለበቱ ግን ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ እኔ ጋ ይቆያል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ