ጅቡ ተረቱን ቢያወራውስ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ዘወትር የማነብ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ5 እና ከ6 ዓመት ልጆች ጋር መዋል ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ ተባለ፤ እሱም ቢሆን ከ100 ልጆች ከ90 በላይ ወደቁ ማለት ነው። ያን ሰሞን አንዱ በመምህር፣ አንዱ በወላጅ፣ አንዱ በስልክ ያሳብባል። የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ታች ነው፤ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጥፈው ወደሚቀመጡት ልጆች። ፊደል እናስቆጥራቸዋለን። የሰሙትንና ያነበቡትን ነገር መጠየቅ ግን አናስተምራቸውም። ጭራሽ ሲጠይቁ ዝም እናሰኛቸዋለን።

ባለሙያዎች ሒሳዊ ንባብ ይሉታል። ስሙ ከበድ ይላል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ተረት፣ ሥዕል ወይም ማስታወቂያ ሲቀርብ፣ ይህን ማን አዘጋጀው? ለምን? ውስጡ ማን አለ፣ ማንስ ቀረ? ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው ይህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ የ5 ዓመት ልጅ ናት።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ተረት እየነገርኳቸው ነበር። የአያ ጅቦንና የእሜቴ ጦጢትን። እንደተለመደው ጅቡ ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ መጨረሻ ላይ ተታሎ ገደል ይገባል። ልጆቹ እዚህ ጋ ሁሌም ያጨበጭባሉ። አንዲት ልጅ ግን አላጨበጨበችም። ቤተሰቦቿ በቅርቡ ከሐረር የመጡ ናቸው። እጇን አወጣችና "ሚስ፣ የኛ ሰፈር ጅብ እንደዚህ አይደለም። ሰውዬው ይጠራውና ያበላዋል" አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ "ውሸት!" አለ። ሌላው "አይነክሰውም?" ሲል ጠየቀ። ተነስታ አሳየቻቸው። እርሳሷን በጥርሷ ያዘች። ጫፉ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለ አስመስላ አንገቷን ዘረጋች። ከዚያ ደግሞ ራሷ ጅቡን ሆና፣ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ እየተራመደች መጣች።

ልጅቷ ልክ ናት። ሐረር ላይ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ማታ ማታ ጅብ ይመገባል። ግንቡ ራሱ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በአሹራ ዕለት ገንፎ ተሠርቶ ይቀርብለታል። ሌሊት በየመንገዱ እየዞረ የወዳደቀ ሥጋና አጥንት ያጸዳል። እዚያ ያደገ ልጅና ጅብ በጉን የበላበት ገበሬ ልጅ ስለ ጅብ አንድ ዓይነት ተረት አያወሩም።

"እሺ፣ አሁን ቁጭ በይና ተረቱን ልጨርስ" ማለት እችል ነበር። ለዓመታት ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። የዚያን ቀን ግን ልጅቷን ማስቀመጥ አላስቻለኝም። "እንግዲያው ይህን ተረት ጅቡ ቢያወራው እንዴት ይጀምረው ነበር?" አልኳቸው። አንዱ "ጅቡ ርቦት ነበር፣ ልጆቹም ርቧቸው ነበር" አለ። አንዷ "ውሸታሟ ጦጢት ናት" አለች። ከዚያ ብዙም የማይናገር አንድ ልጅ ትንሽ አሰብ አደረገና "ተረቱን ያወራችው ጦጢት ናት ለካ!" አለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን ቃል ደጋግሜ አሰብኩት። ተረት ነጋሪ አለው፤ ነጋሪም የሚያደላለት ወገን አለው። ይህን የ5 ዓመት ልጅ በራሱ አፍ ተናገረው። ልጁ ፊደሉን እንኳ ገና አልጨረሰም። "ለ" እና "ሰ" ይምታቱበታል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ በየጊዜው ይነሳል። "ልጆቻችን ማንበብ አቅቷቸው ምን ሒስ ታወሪያለሽ?" ይሉኛል። ሥጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህ ቁጥር እኔንም ያመኛል። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። እነዚያ ልጆች ከፊደል ገበታ ፊት ሳይቀመጡ ቀርተው ነው? ተቀምጠዋል። በዱላ ጫፍ እየተጠቆመላቸው በኅብረት ጮኸዋል። ብዙዎቹ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይሉታል። ፊደሉን ከቦታው አንስታችሁ ለብቻው ስታሳዩአቸው ግን ይጠፋባቸዋል። ድምፁን ከትርጉም ጋር ስላላገናኙት ነው። የሚጠይቅ ልጅ ለማንበብ ምክንያት አለው። የጅቡን ተረት የተከራከሩት ልጆች በማግሥቱ "ጅብ" የሚለው ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ራሳቸው ጠየቁኝ።

አለን ሉክና ፒተር ፍሪቦዲ የተባሉ የአውስትራሊያ ምሁራን በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን ነገር በአራት ከፍለው አስቀምጠውታል። አንባቢ ፊደሉን ይፈታል፣ ትርጉሙን ይረዳል፣ ጽሑፉን ለጉዳዩ ይጠቀምበታል፣ ጽሑፉን ራሱን ደግሞ ይመረምራል። አራቱ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመር ደረጃ አይደሉም። አብረው ነው የሚሄዱት። የእኛ ስህተት አራተኛውን "ሲያድግ ይደርስበታል" ብለን ማስቀመጣችን ነው። ሲያድግም አይደርስበትም። የ12ኛ ክፍሉ ወረቀት ላይ እያየነው ነው።

አሁን ወደምንፈራው ምሳሌ ልምጣ። "አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ።" የኔ ዘመን ሰው ይህን ሳይል አላደገም። አንዱ ጋ "በ"፣ ሌላው ጋ "ጨ" ይደጋገማል። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ለልጅም ይያዛል። በኋላ ግን ብዙ ሰው ጠየቀ። አበበ ሲበላ ጫላ ለምን ጩቤ ይይዛል? ጫላ የሚባል ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይህ ሲነበብ ምን ይሰማዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚቆጨኝ ጥያቄው ዘግይቶ፣ አደባባይ ላይ፣ በብሽሽቅና በቁጣ መነሳቱ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በለዘበ አንደበት፣ ከመምህር ጋር ቢነሳ ኖሮ ማንም አይቆስልም ነበር። ባለፈው ዓመት ለልጆቼ "ለጫላ ሌላ ሥራ ፈልጉለት፣ ግን በ'ጨ' ይጀምር" አልኳቸው። "ጫላ ጨው ጨመረ" አለች አንዷ። "ጫላ ጫማ ጨረሰ" አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። "ጨ"ን ለመያዝ ጩቤ እንደማያስፈልግ በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ፊደሉም አልጠፋቸውም።

ጥያቄው ተረትና መጽሐፍ ላይ ብቻ አይቆምም። ልጆቼ የማንጎ ሥዕል ያለበት ጁስ ይዘው ይመጣሉ። ጠርሙሱን አነሳሁና ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ውሃ፣ ስኳር፣ ማጣፈጫ፣ ቀለም። "ማንጎውስ?" አለ አንዱ። ድጋሚ አነበብኩለት። ጠርሙሱን ተቀብሎኝ ሥዕሉን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ጀርባውን ያዞራል። ስልክ ላይ የሚያዩትም ያው ነው። ስልኩ ከእናትና ከአባት እጅ ወደ ልጅ እጅ እየተላለፈ፣ አንበሳ በአስፋልት ላይ ሲሮጥ ያሳያቸዋል። እውነት ይሁን የተቀነባበረ ማን ይነግራቸዋል? "ይሄን ማን ሠራው?" ማለት ካልለመዱ ሁሉንም እንዳለ ይጠጡታል።

በሌላ አገር የተሠራ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፣ ከኛ ኑሮ ጋር ስለሚገጥም። ካናዳ ውስጥ፣ ቶሮንቶ አካባቢ፣ ቪቪያን ቫስኬዝ የምትባል መምህርት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ነበሯት። የትምህርት ቤቱ ግብዣ ላይ የቀረበው ሁሉ ሥጋ ስለነበር ሥጋ የማይበላ ጓደኛቸው የሚቀምሰው አጣ። ልጆቹ ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ ደብዳቤ ጻፉ። ይህ ለኛ ሩቅ ነው እንዴ? ክፍሌ ውስጥ የሚጾም አለ፣ የማይጾም አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ የማይበላ አለ፣ የሙስሊም ሥጋ የማይበላ አለ። ምሳ ዕቃ በተከፈተ ቁጥር ጥያቄው እዚያው አለ።

ደግሞ ይህ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት አንድን ቃል ይተረጉሙና "አንድም" ብለው ሌላ ትርጉም ይጨምራሉ። ከዚያ እንደገና "አንድም"። ቅኔውም ሰሙን አልፈህ ወርቁን ካልፈለግህ አይገባህም። ችግሩ ይህን ሀብት መሰላሉ ጫፍ ላይ ማስቀመጣችን ነው። ታች ያለው ልጅ ዓመታት ሙሉ በቃሉ ይደግማል፣ ላይ የደረሰ ጥቂት ሰው ይጠይቃል። እኔ "አንድም"ን ወደ ምንጣፉ አወረድኳት። ሥዕል አሳያለሁ። አንድ ልጅ "ሴትዮዋ ታለቅሳለች" ይላል። እኔ "አንድም?" እላለሁ። "ሽንኩርት እየከተፈች ነው!" አንድ ጠዋት አንዲት እናት እየሳቀች መጣች። ቤት ብርጭቆ ተሰብሮ "ያቺ ሠራተኛ ናት የሰበረችው" ስትል ልጇ "አንድም?" አላት። አንድም ድመቷ ልትሆን ትችላለች ማለቱ ነው። ድመቷ ሆና ተገኘች።

ሁሉም ወላጅ አልሳቀም። "ልጄን አፈኛ አደረግሽብኝ" ያሉኝ አሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም። ታላቅን ማክበር ትልቅ ሀብታችን ነው፤ እኔም ለልጆቼ አስተምረዋለሁ። ግን የኛው አባቶች ናቸው "ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል" ያሉት። ልጅ ቁጭ ብሎ፣ እጁን አውጥቶ፣ "እማዬ ይቅርታ፣ ለምን?" ሲል ክብር ጎደለ አይባልም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክፍያው ከፍ ያለበት አፀደ ሕፃናት ልጁን ወስዶ "ኤ ፎር አፕል" ሲያስብለው ወላጅ በደስታ ያለቅሳል። ልጁ ፖም በልቶ ላያውቅ ይችላል። በማያውቀው ቋንቋ ስለማያውቀው ነገር ምን ብሎ ይጠይቅ? መጠየቅ የሚጀምረው ልጅ በሚያልምበት ቋንቋ ነው፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ። እንግሊዝኛው ይደርሳል።

አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ትምህርት 2 ዓመት ሰጥቶታል። ጥሩ ዕድል ነው። እነዚያ 2 ዓመታት በኅብረት ጩኸት እንዳያልቁብን እለምናለሁ። ትልቅ በጀት አልጠየቅኩም። የመምህሩ መምሪያ ላይ ከየተረቱ ሥር ሁለት ሦስት ክፍት ጥያቄ ይግባ። መልሱ አንድ ብቻ ያልሆነ ጥያቄ። መምህራንን የሚያሠለጥኑ ኮሌጆች ለአንድ ሴሚስተር እንኳ ዕጩ መምህሩ የልጅን ጥያቄ ተቀብሎ እንዴት እንደሚያሳድገው ያለማምዱት። አንድ ክፍል ውስጥ 50 ልጅ ይዞ ይህ ከባድ መሆኑን በራሴ አውቀዋለሁ። እኔ 48 ናቸው ያሉኝ። በቡድን ስከፍላቸውና ተራ ሳስይዛቸው ይሆናል።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ለልጆች ተረት ሲያወጣ መጨረሻ ላይ "ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?" የምትለውን መስመር ተውልንና በምትኩ ለልጆቹ ጥያቄ ጻፉላቸው። "ይህን ተረት ጅቡ ቢያወራው እንዴት ይጀምረው ነበር?" የምትለውን ብትሞክሩ የሚመጣላችሁን መልስ እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ። የኔ 48 ልጆች የመጀመሪያዎቹን ይልካሉ። ለመጻፍ ያልደረሱት እየነገሩኝ እጽፍላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአፀደ ሕፃናት መምህርት
አዲስ አበባ