የአየር ኬሚስትሪ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ እንጦጦ ላይ የጠቆረው ወረቀት

«የጭስ ክበብ» የሚለውን ስም ያወጡልን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰዎች ናቸው። በመዝገብ ላይ «የአየር ኬሚስትሪ ክበብ» ነን። ቅጽል ስሙን ለምደነዋል፤ ልጆቹ እንዲያውም ካርቶን ላይ ጽፈው የቤተ ሙከራው በር ላይ ለጥፈውታል። ነገር ግን በዓመቱ መጀመሪያ «ችግኝ የሚተክል የአካባቢ ጥበቃ ክበብ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?» ተብሎ ለተነሳው ጥያቄ በቃል የሰጠሁት መልስ ብዙ ሰው ያሳመነ አልመሰለኝም። ስለዚህ ዘንድሮ የሠራነውን እጽፋለሁ፤ ፍርዱ የአንባቢ ነው።

ክበቡ ጥቅምት ላይ በ34 አባላት ተቋቁሞ ሰኔ ላይ 19 ቀርተናል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጠዋል፤ መተዳደሪያ ደንብ ጸድቋል፤ ረቡዕ ረቡዕ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ተሰብስበናል። ቃለ ጉባኤዎቹ በፋይል ይገኛሉ። የ12ኛ ክፍል ልጆች የወጡት ለፈተና ሲሉ ነው፤ አልወቅሳቸውም። ሌሎቹን ካሳደዱብን ነገሮች አንዱ ግን የቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ብቻ ይገኛል፤ ያ ሰው በሌለበት ረቡዕ ሁሉ ስለ ከባቢ አየር የተወያየነው ኮሪደር ላይ ቆመን ነው።

የመጀመሪያ ሥራችን ኅዳር 12 ላይ ዋለ። ኅዳር ሲታጠን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ካራቆተው የኅዳር በሽታ ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። በዘንድሮው ኅዳር በከተማው ያለ አንድ ኤምባሲ በግቢው በተከለው መሣሪያ የብናኝ መጠን በየሰዓቱ ያሳውቅ ስለነበር፣ ልጆቹ ቁጥሩን ከስልክ እየገለበጡ ጠዋት በሚኒ ሚዲያ ያነቡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም መሆኑንም በቃላቸው ይዘውታል። የካቲት መጨረሻ ላይ ያ ቁጥር ለሕዝብ መውጣቱን አቆመ። የሰው መሣሪያ ተማምኖ የተቋቋመ ዝግጅት እንደዚህ ነው፤ ባለቤቱ ሲዘጋው አብሮ ይዘጋል።

ለነገሩ ጭስ ለማየት ክበብ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። እኔ ለልጆቹ ማሳየት የፈለግሁት የማይታየውን ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ራዲካል የምናስተምረው ሚቴንና ክሎሪን በብርሃን ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር ሁለት መስመር ጽፈን ነው። ሰሌዳው ይጠፋል፣ ነገሩም ይረሳል። ራዲካል ማለት ከኤሌክትሮኖቹ አንዱ ጥንድ ያጣበት አቶም ወይም ሞለኪውል ነው። ጥንዱን እስኪያገኝ ድረስ አያርፍም፤ ያገኘውን ሁሉ ይነጥቃል። በአየር ውስጥ ዋናው ሃይድሮክሲል ይባላል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ኦዞንን (ሦስት የኦክስጅን አቶሞች ያሉትን፣ ሲተነፍሱት የሚጎዳ ጋዝ) ሲሰነጥቀውና ከዚያ የወጣው ኦክስጅን ከውሃ ተን ጋር ሲገናኝ ይወለዳል። ዕድሜው ከአንድ ሰከንድ አያልፍም። ብዛቱም ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል አንድ እንኳ አይደርስም። ይህን ስናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አንድ ሰከንድ ካልኖረ ማን አየው?» አለችኝ። በሌዘር ብርሃን እየተመታ ሲያበራ እንደሚለካ ነገርኋት። «እኛስ በምን እናየዋለን?» አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ከዚህ በኋላ «ልጅቱ» የምላት እሷን ነው።

መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ጥር ላይ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ አንዱ ልጅ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ ሆኖ ሰልፉ መካከል ገባና የመጀመሪያውን ያገኘውን ተማሪ አንድ እግር ጫማ አውልቆ ነጠቀ። የተነጠቀው ደግሞ ቀጥሎ የቆመውን ነጠቀ፤ እሱም ሌላውን። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ሰልፍ በሙሉ ታመሰ። በመጨረሻ ሁለት ባለ አንድ ጫማዎች ፊት ለፊት ተገናኙና አንዱ ለሌላው ሰጥቶ ጨዋታው ቆመ። ሰንሰለታዊ አጸግብሮት እንዴት ተጀምሮ፣ ተስፋፍቶ፣ እንደሚያበቃ ከዚህ የተሻለ ያስተማረ ሰሌዳ አላየሁም። አንድ ጫማ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ለወላጅ ይቅርታ ጠይቀናል።

ሃይድሮክሲልን ራሱን መያዝ ስለማንችል፣ የሚወለድበትን ኦዞን ለማየት ወደ ወረቀቱ ገባን። ጀርመናዊ ተወላጁ ኬሚስት ክርስቲያን ሾንባይን ኦዞንን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፣ የኦዞን መመርመሪያ ወረቀትም በስሙ ይጠራል። አሠራሩ ከገንፎ አይከብድም፦ የበቆሎ ስታርች በውሃ ይበጠበጣል፣ እስኪወፍር ይሞቃል፣ ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል፣ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተቀብቶ ጨለማ ውስጥ ይደርቃል። ኦዞን ሲያገኘው አዮዲን ይለቀቅና ስታርቹ ወደ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ቀለም ይሄዳል። የተጣራውን ውሃ ከጋራዥ፣ ለመኪና ባትሪ ከሚሸጡ ሰዎች ገዛን። ፖታሲየም አዮዳይዱን ለማግኘት ግን ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ በአንድ ደብዳቤ አግኝቷል፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

የመጀመሪያው ዙር ወረቀት ሳይሰቀል ተበላሸ። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ስለነበር ልጆቹ የፈተና ማባዣ ክፍል ውስጥ ዘርግተውት አደሩ፤ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ፈተና ሲባዛ ከዋለ በኋላ ሲያዩት ሰማያዊ ሆኗል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ አየሩን ሳሸት ያን ከመብረቅ በኋላ የሚመጣ የሚመስል ሹል ሽታ አገኘሁት። አሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን ከኤሌክትሪክ ብልጭታው ኦዞን ያወጣል። የክበባችን የመጀመሪያ ግኝት በዚህ ሁኔታ ከራሳችን ማባዣ ክፍል ተገኘ። በዚያ ክፍል ለዓመታት ራስ ምታት የምታማርረው ሠራተኛ መስኮቷ የተከፈተላት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው። ራስ ምታቱ ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ መስኮቱ ግን ከክበባችን ሥራ ሊቆጠርልን ይገባል።

አሁን ወደ እንጦጦ ልመለስ። ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን በሦስት ቡድን ተከፈልን፦ አንዱ መገናኛ ታክሲ ተራው ዳር፣ አንዱ በግቢያችን፣ አንዱ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ባሕር ዛፍ ውስጥ። ወረቀቶቹ ከላይ በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ተጠልለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ይሰቀላሉ። የትምህርት ቤቱ መኪና ተፈቅዶልን ነበር፤ በዋዜማው ለሌላ ጉዳይ ወጣ። ስለዚህ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ከላይ ሆነን ስናይ ከተማው ላይ ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ የመሰለ ቡናማ ነገር ተዘርግቷል። በበጋ ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይደፋበትና ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ጭሱ መውጫ ያጣል።

እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ወረቀቱ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። «ክታብ ነው ልጄ?» አሏት ልጅቱን። «አይደለም እማማ፣ አየሩን የሚመረምር ወረቀት ነው።» «እዚህማ አየሩ ምን ይሆናል ብላችሁ! ከተማውን መርምሩ እንጂ» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ከእሳቸው ጋር ተስማምተን ነበርና። ለወላጆች ቀን «እንጦጦ፦ የአዲስ አበባ ሳንባ» የሚል ባነር አስቀድመን አሠርተናል፤ 600 ብር ከክበቡ ሳጥን ወጥቶበታል።

ማታ ቤተ ሙከራ ውስጥ (ቁልፉ ተገኝቶ ነበር) ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ውሃ ነካ አድርገን ደረደርናቸው። የመገናኛው ነጭ ነው ማለት ይቻላል። የግቢያችን ፈዛዛ ሐምራዊ ሆኗል። የእንጦጦው የበሰለ ወይን መስሏል። ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ ልጅ «ተቀያይሮብን ይሆናል» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም «ብናቀያይረውስ? ማን ያውቃል?» አለ። እውነቱን ለመናገር ባነሩ ትዝ ብሎኝ ለአፍታ ዝም አልሁ። ልጅቱ ወረቀቱን ገልብጣ አሳየችን፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «እንጦጦ» ተብሎ ተጽፏል። «የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ያየሁትን እጽፋለሁ» አለችና ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ አሰፈረችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥራ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ የሳይንስ ትምህርት ምን ማለት እንደሆነ ያን ማታ ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ተማርሁ ብል አላፍርም።

እሑድን ሳነብ ዋልሁ። ነገሩ ለሙያው ሰዎች አዲስ አይደለም፤ እኔ ነበርሁ የማላውቀው። ሃይድሮክሲል ከነዳጅ ተንና ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲጋጠም ሌሎች ራዲካሎች ይወለዳሉ፤ እነሱ ከጭስ ማውጫ የወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፤ ፀሐይ ይህን ትሰነጥቀዋለች፤ የተነጠለው ኦክስጅን አቶም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ኦዞን ይሆናል። ሃይድሮክሲሉም ተመልሶ ይወለዳል። ሃይድሮክሲል ብዙ ብክለትን ስለሚሰባብር የአየር ሳሙና ይባላል፤ ያ ሳሙና ራሱ፣ የመኪና ጭስ ሲበዛበት መርዝ ያስገኛል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ አየሩ በነፋስ እየተጓዘ ነው። መገናኛ ላይ ደግሞ ከሚኒባሱ ገና የወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ያገኘውን ኦዞን ወዲያው ይበላዋል። ወረቀቱ የነጣው ለዚህ ነው። የመገናኛ አየር ንጹሕ ነው ብሎ የሚረዳኝ እንዳይኖር፦ የዚያ ቡድን ልጆች አፍንጫቸውን ያበሱበት መሐረብ ጠቁሮ ነው የመጣው። ባሕር ዛፉም ቢሆን በፀሐይ አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ሃይድሮክሲል ይህንም እንደ ነዳጅ ተኑ አይምርም፤ ኦዞንም ይከተላል። (የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ባልደረቦቼ፣ ችግኝ አትትከሉ አላልሁም።)

ለልጆቹ የነገርኋቸው የሎስ አንጀለስን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሐምሌ ወር ከተማዋ ዓይን በሚያቃጥል ጉም ስትሸፈን ነዋሪው ጃፓን ጋዝ የረጨች መስሎት ነበር። ምሥጢሩን የፈታው የአናናስን ሽታ ያጠና የነበረ አሪ ሃገን ስሚት የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ኬሚስት ነው። የመኪናና የነዳጅ ተን ፀሐይ ሲመታው ኦዞን እንደሚሆን አሳየ፤ ከመለኪያዎቹ አንዱ ኦዞን የሚሰነጣጥቀው ተራ ጎማ ነበር። የነዳጅ ኢንዱስትሪው ወገን ተከራከረው፤ እሱም አናናሱን ትቶ ተከራከረ። ልጅቱ ይህን ስትሰማ «እሱም ባነር አሠርቶ ነበር?» አለች።

ሙከራውን ሦስት ጊዜ እንድንደግም ያደረገችን እሷ ናት። ሁለቱ ያንኑ ቀለም ሰጡን፤ ሦስተኛውን ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ አጠበብን። በአንደኛው ጉዞ እኚያን እናት አገኘናቸው። «ክታቡ ምን አለ?» አሉ። ልጅቱ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲያ እነሱ ያጨሱትን የምንስበው እኛ ነና» አሉና ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ።

ወረቀታችን የማይነግረን ብዙ ነገር አለ፤ ተቺዎቻችን ከሚነግሩኝ እኔው ብናገር ይሻላል። እርጥበት ቀለሙን ይለውጠዋል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም ሊያቀልመው ይችላል። ከፍተኛ ተራራ ላይ ደግሞ ከላይኛው አየር የሚወርድ ኦዞን አለ፤ የእንጦጦው ቀለም ምን ያህሉ ከከተማው፣ ምን ያህሉ ከሰማይ እንደመጣ ወረቀት አይለይም። የሚለየው የሚቆጥር መሣሪያ ነው። ጥያቄው ለኬሚስትሪ ብቻ አይደለም፦ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጎዳናችን መለወጥ ጀምሯል፤ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ የዓለም ከተሞች መኪና ሲቆም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ቀንሶ ኦዞኑ ጨምሮ እንደነበር ተመዝግቧል። በእኛ ከተማ የሚሆነውን ቆጥረው የሚያቆዩ ልጆች ቢኖሩ ማን ይጠላል?

ስለዚህ ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረትና ለቀድሞ ተማሪዎቻችን የማቀርበው ይህ ነው፦ ሁለት አነስተኛ የኦዞንና የብናኝ መለኪያ፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ፖታሲየም አዮዳይድ፣ የሚቆለፍ አንድ ቁም ሳጥን። ሒሳቡን በዝርዝር አዘጋጅቼ ለርዕሰ መምህራችን ሰጥቻለሁ። ገንዘብ ያዣችን በሳጥኑ 215 ብር መኖሩን አረጋግጣለች። ባነሩን በግማሽ ዋጋ የሚገዛን ካለም አንጠላም፤ ጨርቁ ጥሩ ነው።

ሦስቱ ወረቀቶች በመስታወት ሥር በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ የእንጦጦው ትንሽ ደብዝዟል። ማየት የሚፈልግ በ2018 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር ረቡዕ 10 ሰዓት ላይ ይምጣ። ቁልፉ ካልተገኘ ኮሪደሩ ላይ ነን።