አንድ መስመር ለ24 ኮምፒውተር፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የአይሲቲ ክበብ በ2017 የትምህርት ዘመን አንድ ሥራ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ቆይቷል። ሥራውም በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ላቦራቶሪ የዌብ ፕሮክሲ ሶፍትዌር መጫን፣ ማዋቀርና ማስተዳደር ነበር። ለዚህ ያበቃንን ችግር ላቦራቶሪውን የሚጠቀም ሁሉ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የቀድሞው ላቦራቶሪ ዕቃ በመጥፋቱ፣ ዛሬ ያሉን 24 ኮምፒውተሮች ከዚያ ወዲህ በተለያየ ጊዜ ከተለያዩ ለጋሾች የተሰባሰቡ ናቸው፤ 13ቱ ኡቡንቱ በተባለው ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት፣ 8ቱ በዊንዶውስ 10፣ 3ቱ ደግሞ በዊንዶውስ 7 ይሠራሉ። ሁሉም የሚጠጡት ግን ከአንድ ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ገብቶ ያንኑ ገጽ ሲከፍት መስመሩ ያንኑ ነገር 24 ጊዜ ያመላልሳል፤ የክፍለ ጊዜው ግማሽም ባዶ ስክሪን በመጠበቅ ያልቃል።

ፕሮክሲ የሚለውን ቃል ለአዲስ አባላት ስናስረዳ «እንደራሴ» ከሚለው የራሳችን ቃል የተሻለ አላገኘንም። ተማሪው ድረ ገጽ ሲጠይቅ ጥያቄው በቀጥታ ወደ ውጭ አይሄድም፤ መጀመሪያ እንደራሴው ዘንድ ይደርሳል፣ እንደራሴውም በራሱ ስም ከውጭ አምጥቶ ለጠያቂው ያስረክባል፣ ሊቀመጥ የሚችል ነገር ከሆነም ቅጂውን በመሸጎጫው ያኖራል። የአንድ ሰፈር ሰዎች በርበሬ ለመግዛት እያንዳንዳቸው ሰኞ ገበያ ከሚመላለሱ አንዱ ሄዶ ለሁሉም ቢያመጣ፣ ነገ ለሚጠይቅም ጥቂት ቢያስቀምጥ እንደማለት ነው። ለዚህ ሥራ የመረጥነው ስኩዊድ የተባለውን ሶፍትዌር ነው። ስኩዊድ ሃርቨስት ከተባለ የምርምር ፕሮጀክት ወጥቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም የቀረበ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝና በብዙ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሠራ ነው። ይህ የመጨረሻው ባሕርይው ለክበቡ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ሰጥቶናል፤ አንዱ ሶፍትዌር በየቤቱ የተለያየ ወግ እንደሚይዝ ተማሪዎቹ በእጃቸው ነክተው ያዩት በዚህ ነውና።

የጀመርነው በኅዳር ወር፣ ባትሪው ገና አንድ ሰዓት ያህል በሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በተጫነ ኡቡንቱ ነበር። መጫኑ ራሱ የአንድ መስመር ትእዛዝ ሥራ በመሆኑ ተማሪዎቹ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው ተደስተው ነበር። ችግሩ የመጣው ከሌላ ኮምፒውተር በ3128 ፖርት (ስኩዊድ ጥያቄ በሚቀበልበት የበር ቁጥር) ሊገቡ ሲሞክሩ ነው። ስኩዊድ «መግባት ተከልክሏል» የሚል ገጽ መለሰላቸው። የማዋቀሪያ ፋይሉን ሲከፍቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ጠበቋቸው፤ አብዛኞቹ ግን ማብራሪያዎች ናቸው፣ በሥራ ላይ የሚውሉት በጣም ጥቂት ናቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል የላቦራቶሪያችንን ኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ ክልል የሚፈቅደውን መስመር በጥንቃቄ ጽፋ ከፋይሉ ግርጌ አስቀመጠችው፣ አገልግሎቱን አቁማ አስነሳችው፣ ያው ክልከላ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አድራሻውን እየቀያየርን፣ ኬብሉን እየነቀልንና እየሰካን ቆየን። በሦስተኛው ሳምንት ያችው ልጅ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች እየቆጠረች በደብተሯ ስትገለብጥ፣ ከእሷ መስመር በላይ «ሁሉንም ከልክል» የሚል ደንብ እንዳለ አየች። ስኩዊድ የመግቢያ ደንቦችን የሚያነበው በቅደም ተከተል ነው፤ ጠያቂውን የሚመለከት የመጀመሪያው ደንብ ሲገኝ በዚያው ይወስናል፣ ከዚያ በታች የተጻፈውን አያይም። መስመሯን ከክልከላው በላይ ባዛወረችው ቅጽበት ገጹ ተከፈተ፤ በክፍሉ የነበረው ጭብጨባም እስከ መምህራን ማረፊያ ተሰምቶ ነበር። እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንደ ብክነት አልቆጥራቸውም፤ እኔ መምህራቸው መልሱን አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ፋይሉን ያን ያህል ባላነበቡት ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት መሸጎጫውን ሰፋ ወዳለ ሌላ ዲስክ ለማዛወር ስንሞክር ገጠመን። ተማሪዎቹ አዲሱን ማኅደር የፈጠሩት በዋናው አስተዳዳሪ ስም ስለነበር ስኩዊድ ሊጽፍበት አልቻለም፤ በኡቡንቱ ላይ ስኩዊድ መሸጎጫውን የሚይዘው «ፕሮክሲ» በተባለ የራሱ ተጠቃሚ ስም ነውና። ባለቤትነቱ ለዚያ ተጠቃሚ ሲተላለፍ፣ ከዚያም የመሸጎጫውን ንዑስ ማኅደሮች የሚያዘጋጀው ትእዛዝ ሲሰጥ ነገሩ ተስተካከለ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም አባል ማዋቀሪያውን ሲቀይር አገልግሎቱን ከማስነሳቱ በፊት የፋይሉን አጻጻፍ በሚፈትሸው የስኩዊድ ትእዛዝ እንዲያልፍ ደንብ አውጥተናል።

በዊንዶውስ 10 ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስኩዊድ በመሠረቱ እንደ ኡቡንቱ ላሉ የዩኒክስ ዓይነት ሥርዓቶች የተጻፈ በመሆኑ፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ሲግዊን በተባለ የማስማሚያ መደብ አማካይነት ነው። የመጫኛው መስኮት ቀላል ነው፣ «ቀጥል» እያሉ መጨረስ ይቻላል፤ ሶፍትዌሩም እንደ ዊንዶውስ አገልግሎት ሆኖ ከበስተጀርባ ይነሳል። ይሁን እንጂ የማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ የማኅደር አድራሻዎች የሚጻፉት በዩኒክስ አጻጻፍ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ የለመዱት ልጆች ጭረቱን ወደ ኋላ እያጋደሙ ሲጽፉ ደጋግሞ አልነሳላቸውም። ከተነሳም በኋላ በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል፣ ከጎረቤት ኮምፒውተር ግን አይደረስበትም ነበር። ምክንያቱ የዊንዶውስ ፋየርዎል ከውጭ ወደ 3128 ፖርት የሚመጣውን ግንኙነት ማገዱ ነበርና ለዚያ ፖርት የመግቢያ ደንብ ስንጨምር ተፈታ።

በሦስቱ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ላይ ያገኘነው የስኩዊድ የመጫኛ ጥቅል አልገባ አለ፤ ጥቅሉ ለ64 ቢት የተዘጋጀ ነው፣ በእነዚህ ላይ ያለው ሥርዓት ደግሞ 32 ቢት ነው። ለልምምድ ያህል በአንደኛው ላይ ፕሪቮክሲ የተባለውን ሌላ ፕሮክሲ ጫንን። ፕሪቮክሲ ማስታወቂያና መከታተያ የሚያጣራ እንጂ ቅጂ የሚያስቀምጥ አይደለም፤ ስለዚህ የመስመራችንን ችግር በመሸጎጫ አያቃልልም። ያም ሆኖ ጥሩ ትምህርት ነበረው። ፖርቱ 8118 ነው፣ ሲጫንም የሚያዳምጠው 127.0.0.1 በተባለው አድራሻ ብቻ ነው። ይህ አድራሻ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ «እኔው ራሴ» ማለት ስለሆነ ሌላ ማሽን ሊደርስበት አይችልም፤ ወደ ላቦራቶሪው አድራሻ መቀየር ነበረበት። እዚህ ላይ ግን በግልጽ መናገር ያለብኝ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 7ን ድጋፍ ያቆመው በጥር 2012 ዓ.ም. በመሆኑ እነዚህ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ላይ ሊቀሩ እንደማይገባ ነው።

በአንድ የተጣለ ዴስክቶፕ ላይ ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ሌላ የዩኒክስ ዓይነት ሥርዓትም ሞክረናል። ስኩዊድ በዚያ ላይ ያለ ችግር ገባ፤ ማዋቀሪያው ግን ኡቡንቱ ከሚያስቀምጥበት ቦታ ሳይሆን ከዋናው ሥርዓት ተለይቶ በተጨማሪ ሶፍትዌሮች ማኅደር ሥር ተገኘ፣ አገልግሎቱም በመነሻ ፋይሉ ላይ በግልጽ ካልተፈቀደለት በራሱ አይነሳም።

አገልጋዩ ከቆመ በኋላ ተጠቃሚ ኮምፒውተሮችን ወደ እሱ መምራት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ክሮምና ኤጅ የሥርዓቱን የፕሮክሲ ቅንብር ይከተላሉ፣ ፋየርፎክስ ግን የራሱን ሊይዝ ይችላል፤ ኡቡንቱ ሶፍትዌር የሚያወርድበት ኤፒቲ ደግሞ ሌላ የማዋቀሪያ ፋይል አለው። በየካቲት ወር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ላፕቶፑ ሌላ አድራሻ ተሰጥቶት 23 ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከኢንተርኔት የተቆረጡበት ቀን አለ። ያን ዕለት እጅግ ደንግጬ ሳለ አንድ የ11ኛ ክፍል አባል «አብሽሩ ቲቸር፣ አድራሻውን እናስረው» ብሎ ቋሚ አድራሻ ሰጠው። ከዚያ በኋላ በየኮምፒውተሩ አድራሻ ከመጻፍ ይልቅ የፕሮክሲ አውቶማቲክ ማዋቀሪያ ፋይል መጠቀም ጀመርን። ይህ ዘዴ የቀድሞው የብራውዘር ኩባንያ ኔትስኬፕ በ1996 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሲሆን፣ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ አጭር ተግባር ለብራውዘሩ «መጀመሪያ በፕሮክሲው ሞክር፣ ካልመለሰ በቀጥታ ሂድ» ብሎ ያዝዘዋል።

አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ፤ ውጤቱም በመስከረም ከጠበቅነው የተለየ ነበር። ስኩዊድ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚጽፍበትን የመዝገብ ፋይል ስንመረምር በመሸጎጫው ተገኝቷል ማለት የሆነውን «ቲሲፒ ሂት» በብዛት ለማየት ተስፋ አድርገን ነበር። አብዛኛው መስመር ግን «ቲሲፒ ተነል» የሚል ሆነ። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች የሚቀርቡት በኤችቲቲፒኤስ ነው። በዚህ ጊዜ ብራውዘሩ ፕሮክሲውን የሚጠይቀው ወደ ድረ ገጹ መተላለፊያ እንዲከፍትለት ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የሚያልፈው የተመሰጠረ ስለሆነ ፕሮክሲው የድረ ገጹን ስም እንጂ ይዘቱን አያይም፤ ያላየውንም ሊያስቀምጥ አይችልም። አንዳንድ አባላት ኮምፒውተሮቹ ፕሮክሲውን እንዲያምኑ የራሳችንን ዲጂታል የምስክር ወረቀት በየኮምፒውተሩ አስገብተን ምስጢሩን እንድንፈታ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በቴክኒክ ረገድ የሚቻል ነው፤ እኔ ግን አልፈቀድኩም። የተማሪውንና የመምህሩን ኢሜይልና የይለፍ ቃል የሚያነብ እንደራሴ ማቆም የተጣለብንን አደራ ማፍረስ ነው፤ ይህን ሐሳቤን በሌላ ዓመትም የምለውጠው አይመስለኝም።

ጥቅሙን ያገኘነው ባላሰብነው በኩል ነው። የኡቡንቱ የሶፍትዌር ማከማቻዎች በተለመደው አደረጃጀታቸው ጥቅሎችን የሚያቀርቡት ባልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ ነው፤ የጥቅሎቹ ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በዲጂታል ፊርማ በመሆኑ ቅጂ ማስቀመጡ አደጋ የለውም። 13ቱ የኡቡንቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ማሻሻያ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ትንንሾቹ ጥቅሎች ብቻ ሲቀመጡ ትልልቆቹ እንደገና ከውጭ ይመጡ ነበር፤ ስኩዊድ ካልተነገረው በስተቀር ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነገር በዲስክ አያስቀምጥምና። ገደቡን ከፍ ስናደርግ፣ ያንንም መስመር መሸጎጫውን ከሚሰይመው መስመር በላይ ስንጽፈው ለውጡ ታየ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሙሉ የክበብ ሰዓት የፈጀበትን ማሻሻያ ቀሪዎቹ 12ቱ በተከታዩ ማክሰኞ ሻይ ሳይፈላ ጨረሱት።

ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው በዋሉበት በመጋቢት ወር ስብሰባዎቻችንን አሳጥረን መዝገብ ማንበብ ብቻ ሠራን። በመዝገቡ እያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ የሚታየው ረጅም ቁጥር ምን እንደሆነ የጠየቁት የ9ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ቁጥሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በግሪንዊች ሰዓት የተቆጠረ ሰከንድ ነው። ልጆቹ 1742300047 የሚለውን ወስደው ለ86,400 አካፈሉት፤ 20,165 ቀን ሆኖ 44,047 ሰከንድ ተረፈ። የተረፈውን ወደ ሰዓት ለውጠው፣ የግሪንዊች እኩለ ሌሊት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑን አስበው፣ ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ የሚል መልስ ሰጡ። እነሱው በዚያ ሰዓት በላቦራቶሪው ተቀምጠው ነበር። ከክበቡ ዓመት አንዲት ቀን ምረጥ ብባል ያችን እመርጣለሁ።

ያው መዝገብ ማን የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘ ስለሚያሳይ፣ ክበቡ ተወያይቶ ከ7 ቀን በላይ እንዳይቆይና ለቴክኒክ ምርመራ ካልሆነ በቀር እንዳይነበብ ወስኗል፤ ውሳኔውም በላቦራቶሪው በር ላይ ተለጥፏል።

ለክረምቱ የቀረን ሥራ አለ። የማይክሮሶፍት መደበኛ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ማብቂያ ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ስምንቱን ኮምፒውተሮች የመምህራንን ሰነድ ካስቀመጥን በኋላ ወደ ኡቡንቱ ለማዛወር ወስነናል፤ ሦስቱ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮችም የማስታወስ አቅማቸው ከፈቀደ ቀለል ያለ ሊኑክስ ይጫንባቸዋል። የላፕቶፑ ባትሪ እየደከመ ነው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ስኩዊድ በሥርዓት ሳይዘጋ ስለሚቀር ሲመለስ የመሸጎጫውን ማውጫ እንደገና ለማደራጀት ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሌላ ባትሪ እንዲገዛልን ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ አቅርበናል። የማዋቀሪያ ፋይሉ ቅጂና የአባላቱ የሥራ ደብተር በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ ቁልፉ ከ11ኛ ክፍሉ ተጠሪ ዘንድ ነው።